አልለይ ያለው ቲነር

ሰኞ
ዛሬም አልተለየም። ሦስተኛ ሙከራዬ ነው። ከማተሚያ ቤቶች የምንሰበስበውን ያገለገለ ቲነር አፍልቼ፣ እንፋሎቱን አቀዝቅዤ፣ ኤቲል አሲቴት የሚባለውን የቀለም ማሟሚያ ንጹሑን ማውጣት ነበረብኝ። የወጣው ግን አልኮል አለበት። ሰባተኛ ሰፈር ያለው ሱቅና የጓሮው ማጣሪያ ባለቤት ጋሼ ነስሩ ጠርሙሱን አሸተቱና «ደረጀም እንዲህ ነበር የሚያመጣልኝ» አሉ። ደረጀ ከእኔ በፊት እዚህ ይሠራ ነበር። ንጹሑን እየሸጠ በአልኮል ይተካል ብለው አባረውታል። አተያያቸውን አልወደድኩትም።

ማክሰኞ
ጥፋቱ የቴርሞሜትሩ መሰለኝ። ውሃ አፍልቼ ሞከርኩት፤ ዘጠና ሁለት አካባቢ ፈላ። ለአዲስ አበባ ከፍታ ትክክል ነው። ታዲያ ምንድን ነው? ድብልቁ ከንጹሕ አልኮልም ከንጹሕ ኤቲል አሲቴትም ባነሰ ሙቀት ይፈላል። መሃል ላይ መሆን አልነበረበትም? ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለዚህ የሆነ ነገር ተምሬያለሁ። ለፈተና ሸመደድኩት፣ ከፈተናው ማግስት ረሳሁት።

ረቡዕ
ከመደርደሪያው የታሸጉ ንጹሕ አልኮልና ንጹሕ ኤቲል አሲቴት አወጣሁ። በተለያየ መጠን እየቀላቀልኩ አፈላሁ። ከታች የቀረውን ፈሳሽና ከእንፋሎቱ የተንጠባጠበውን በየተራ በአንድ ትንሽ ጠርሙስ እየሞላሁ መዘንኩ። አልኮሉ ሲበዛ ይቀልላል።
ኤቲል አሲቴት ሲበዛ፦ አልኮሉ ወደ እንፋሎቱ ይሸሻል።
አልኮል ሲበዛ፦ ኤቲል አሲቴቱ ይሸሻል።
ሰባት እጅ ኤቲል አሲቴት፣ ሦስት እጅ አልኮል አካባቢ፦ እኩል።
እኩል እንዴት ይሆናል? ደገምኩት። እኩል። ምሳ አልበላሁም።

ሐሙስ
የገባኝ መሰለኝ። እዚያ መጠን ላይ ሲደርስ ፈሳሹና እንፋሎቱ አንድ ይሆናሉ። ከዚያ ወዲያ ቢያፈሉት ቢያፈሉት አይለይም። አልተሳሳትኩም ማለት ነው። ደስ ሊለኝ ሲል ሌላው ነገር መጣብኝ፤ ደረጀስ?
ጋሼ ለማስረጃ ብለው ያስቀመጡት የእሱ ጠርሙስ አለ። መዘንኩት። ከእኔው ጋር አንድ ነው።
አሁን ምን ልበላቸው? የእኔ ምዘና ተሳስቶ ቢሆንስ? አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው።

ዓርብ
ጋሼ ከአንዋር መስጊድ ሰግደው ሲመለሱ ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ አይቆጡኝ» ብዬ ጀመርኩ። አልተቆጡም፤ «አፍዪውና ልየው» አሉ። አጠገቤ ቆመው ሁለቱንም ጠርሙስ ራሳቸው መዘኑ።
«አልኮሉን ከየት አመጣው ታዲያ?»
«አላመጣውም። ቲነሩ ውስጥ የነበረው ነው። እምቢ ብሎ አብሮ ይወጣል።»
የደረጀን ጠርሙስ አነሡ። «በሰው ፊት ሌባ ብዬዋለሁ» አሉ።

ቅዳሜ
ደረጀ እህል በረንዳ ጤፍ ይመዝናል አሉን። አብረን ሄድን። ጋሼ በነጋዴው ሁሉ መሃል ቆመው «ስምህን ያጠፋሁት በሰው ፊት ነው፤ በሰው ፊት ልናገር። አልሰረቅክም፤ አልኮሉ ራሱ አልለይ ብሎ እንደሆነ ይቺ ልጅ መዝና አሳየችኝ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሉት።
ደረጀ የጀመረውን ጆንያ መዝኖ ጨረሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።
«ስንት ላይ ነው የሚቆመው?»
«ሰባት ለሦስት አካባቢ።»
«ለእኔም እዚያው ነበር። የእጄ ጥፋት ይመስለኝ ነበር» አለ።
ይመለስ እንደሆነ አልተናገረም። ይቅር ማለቱንም አላወቅኩም። «ምዘናሽን የጻፍሽበትን ደብተር አምጪና አሳዪኝ» ብቻ አለኝ። ጋሼን ቀና ብሎ አላያቸውም።