ክሬን የጫነችው መርከብ

ኦሮራ፣ ሚያዝያ 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ ተሻለዎት ወይስ ዛሬም ሐኪሙን እየሸሹ ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ልጆቹም ደህና ናቸው። በአማርኛ ስጠይቃቸው በእንግሊዝኛ ይመልሱልኛል እንጂ ሌላ ጥፋት የለባቸውም።

ይህን ጉዳይ በስልክ ልነግርዎት ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። የሰውየውን ስም ስጠራ ሁለቴም መስመሩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ነው ብለውኛል፤ እሺ፣ ይሁን። ወረቀት ግን አይቋረጥምና እሑድ በሚሳፈረው በኢዮብ እጅ ልኬልዎታለሁ። እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

በሳምንት ሦስት ቀን ኢስት ኮልፋክስ ከሚባለው ጎዳና አጠገብ ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ እንከባከባለሁ። መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ፣ ገላቸውን አጥባለሁ፣ ምሳ አቀርባለሁ። የቀጠረኝ ኤጀንሲ ስማቸው ሀብተሚካኤል ነው ሲለኝ፣ በዚህ ስም የሚጠራ ሰው ሞልቷል ብዬ አለፍኩት።

አንድ ጠዋት ስገባ ታብሌታቸው ላይ የአንድ ወደብ ካሜራ ከፍተው አፍጥጠው አገኘኋቸው። ከቻይና የመጣች መርከብ ሦስት ግዙፍ የወደብ ክሬኖች እንደቆሙ ጭና በድልድይ ሥር ልታልፍ ነው። የባሕሩ ውሃ ዝቅ እስኪል ሁለት ቀን ውጭ መቆሟን፣ በክሬኑ ጫፍና በድልድዩ መካከል የሚኖረው ክፍተት ከአንድ ፎቅ እንደማይበልጥ ነገሩኝ። ሔቨን የምትባል ልጃቸው ከሌክውድ ስትመጣ፣ ኢትስ ጀስት ኤ ቦት፣ ዳድ፣ ጀልባ እኮ ናት እያለች ትስቅባቸዋለች። እሳቸው ግን ሻያቸው ቀዝቅዞ፣ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ በጣታቸው ቀስ፣ ቀስ እያሉ ለመርከቧ ምልክት ይሰጣሉ።

ያን የጣት እንቅስቃሴ አውቀዋለሁ፤ እርስዎ ቤት ውስጥ አልጋ ስናዛውር የሚያሳዩን ነው። አሰብ ነበሩ እንዴ አልኳቸው። አዎ፣ ከታች ቆሜ ለክሬን ኦፕሬተሩ ምልክት እሰጥ ነበር አሉኝ። የኦፕሬተሩ ልጅ መሆኔን ነገርኳቸው። ታብሌቱን አስቀመጡና፣ ጉልበቱን እንዴት አደረገው ብለው ጠየቁኝ።

አባዬ፣ ቤታችን የወደብ ሕግ ነበረው። ለኦፕሬተሩ ምልክት የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቁም የሚለውን እጅ ግን ማንም ያንሳው ማን ሥራው ይቆማል። እኛም ስንጣላ አንዳችን እጅ ካነሳን ሌላው ዝም ማለት ነበረበት። ትራክተሩ ከክሬኑ ወድቆ የተሰባበረው ሀብተሚካኤል እጁን ስላላነሳ ነው፣ ከሥራ የተባረረውም ለዚህ ነው እያሉ ስንት ጊዜ አወሩልን።

ባለፈው ሳምንት ደፍሬ ጠየቅኳቸው። ያን ቀን እጅዎን አንስተው ነበር ወይ አልኳቸው። በታብሌቱ ላይ የመጀመሪያውን ክሬን ከመርከቧ ወደ መሬት በሐዲድ እየጎተቱት ነበር፤ እሱን እያዩ፣ አባትሽ ያን ቀን በጣም ደስ ብሎት ነበር አሉኝ። ጭነቱ አየር ላይ እያለ ከሆስፒታል የመጣ መልእክተኛ ከታች ጮሆ ጠራው፤ እሱም ወደዚያ ዞረ አሉ። አደጋውን ያጣራው ኮሚቴ ሲጠይቀኝ እጄን አላነሳሁም ብዬ ፈረምኩ፣ እኔ ያኔ ወንደላጤ ነበርኩ አሉ። ቀጥለው ልደቴ መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ጥቅምት አሥራ ሁለት አልኳቸው። አውቃለሁ አሉ።

ስወጣ አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ እስክወርድ ድረስ አለቀስኩ። ልወቅስዎ አይደለም የምጽፈው። እንዲያውም ካዘንኩት እኩል ደስ ብሎኛል። እርስዎ ሲስሙኝ እንኳ እየቸኮሉ ነበር፤ ሥራ የሚያስረሳ ደስታ ያውቃሉ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ጋሽ ሀብተሚካኤል ግንቦት ሰባት የልብ ኦፕሬሽን ይደረግላቸዋል። ሐኪሙ ዕድሜያቸውን እያየ ብዙ ተስፋ አይሰጥም። ከአባትሽ የምፈልገው ነገር የለም ይሉኛል፤ እኔ ግን እፈልጋለሁ። ስልካቸውን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌዋለሁ። ከዚያ ቀን በፊት ይደውሉላቸው። እጅህ ተነስቶ ነበር ካሏቸው ይበቃል። እሱም ከከበደዎት ደውለው ዝም ይበሉ፤ እሳቸው ወሬ አያጡም።

ሦስቱም ክሬኖች በሰላም መሬት ወርደዋል። አምላክ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ጉልበትዎን ያጽናልኝ። ቁም የሚለውን እጅ ማንም ቢያነሳ ይከበራል ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ይኸው፣ እኔ አንስቻለሁ።

ጥቅምት አሥራ ሁለት የተወለደችው ልጅዎ