ስኳር የማትገዛ ሴት

መጋቢት 9 ቀን። ልጅሽ እኔ ጋ የለችም።

ይህን ካስቀደምኩ በኋላ ሰላምታዬ ይድረስሽ፣ እታለም። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃው አሁንም ያስቸግርሻል? የጓዳው ግድግዳ ደረቀ ወይስ እንደ አምናው ውሃ ያዝላል? እኔ ደህና ነኝ። ስኳሬ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ማታ ማታ እግሬን ያደነዝዘኛል፤ የስፌት መኪናዬን ግን እስካሁን ራሴ እየረገጥኩ ነው። ልጅሽም ደህና ናት። የለችም ያልኩሽ ከቤቴ ወጥታለች ለማለት ነውና አትደንግጪ። የት እንዳለች ግን አልጽፍልሽም። ለምን እንደማልጽፍ እየቆየ ይገባሻል።

ይህን የምታነብልሽ እንቁላል ሻጯ ናት። በፖስታ ያልላክሁት ሆን ብዬ ነው። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ካለ ከቦርሳዋ እንዳታወጣው ነግሬያታለሁ፤ ስለዚህ ደጋግማ ብትመላለስብሽ እንቁላል ልታራግፍብሽ መስሎሽ አታባርሪያት። ረጅም ቃል ላይ ትንሽ ትደናቀፋለች፣ ታገሻት። እዚህ ጋ ስትደርስ እንደምትቆጣም አውቃለሁ።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ልጅሽ የመጣች ዕለት ክንዷ በጀሶ ነበር። ከደረጃ ወድቃ ነው ብሎ አማችሽ እንደነገረሽ አውቃለሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሰው ልብሱን ሲያወልቅ አያለሁ። ከደረጃ የወደቀ ሰው አንገቱ ላይ የጣት ምልክት አይኖረውም።

ቤቴን ታውቂዋለሽ። የፊት ክፍሏ መስፊያዬ ናት፤ ደንበኛ ይገባል፣ ይለካል፣ መስታወት ፊት ይዞራል። ከመጋረጃው ጀርባ አልጋዬ አለ። ልጅሽ አርባ ቀን ከዚያ መጋረጃ ጀርባ ተቀመጠች። ስታስል መኪናዬን እረግጣለሁ። ሊያስነጥሳት ሲል ትራሱን ትነክሳለች። አንድ ቀን አስተማሪዋ ደንበኛዬ ቀሚሷን ስትለካ ከውስጥ ማንኪያ ወደቀ። ድመት ነው አልኳት። ድመት ደግሞ መቼ አመጣሽ አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ድመት እንዳለኝ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ጭራሽ ሳንባ በፌስታል ቋጥራ ያመጣችልኝም አለች። ልጅሽ ያን ዕለት አፏን በእጇ አፍና ሳቀች። ከመጣች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ መገብየት ነበር። ባለሱቁን ታስታውሺዋለሽ፣ አያልቅበት የሚሉትን። ስሙን ለሽሙጥ ያወጡለት ከጠየቁት ነገር ግማሹን አልቋል ስለሚል ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ከእሱ ገዝቻለሁ። ጠዋት ጠዋት አንድ ዳቦ፣ ማክሰኞ ሁለት እንቁላል፣ ቅዳሜ ሩብ ኪሎ ምስር። አፌን ሳልከፍት ያወጣልኛል። ከጎኑ ያለችው አትክልት ሻጭም እንዲሁ ናት፤ ከቲማቲሙ አንድ ብቀንስ አመመሽ ወይ ትላለች፣ ሁለት ብጨምር እንግዳ መጣ ወይ። ክፋት የላትም። ቲማቲም የሚበላሽ ነገር ነው፤ ማን ስንት እንደሚበላ ካላወቀች እጇ ላይ ይበሰብሳል። ግን አስቢው፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት ሁለት ዳቦ ስትጠይቅ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ጆሮውን ያቆማል።

ስለዚህ ሰፈሬን ትቼ ሱፐርማርኬት ሄድኩ። በአውቶቡስ ሦስት ፌርማታ ነው። በሩ በራሱ ጊዜ ይከፈታል። ገንዘብ ተቀባይዋ እቃውን እያሳለፈች ከጎኗ ካለችው ጋር ስለ ጫማ ታወራለች፤ ቀና ብላ አታይሽም። አራት ዳቦ፣ ደርዘን እንቁላል፣ ሞዴስ፣ ስኳር። በሃምሳ አራት ዓመቴ ሞዴስ ስገዛ አያልቅበት ቢያየኝ ሚዛኑን ይጥለው ነበር። እዚያ ግን የሚጠይቅ የለም። የማያውቀኝ ቤት አገኘሁ ብዬ እፎይ አልኩ።

ስኳሩ ለልጅሽ ነው። ያለ አራት ማንኪያ ሻይ እንደማትጠጣ አንቺው ታውቂያለሽ። እኔ ቤት ስኳር ከገባ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። ከሱፐርማርኬቱ በቀር ከየትም አልገዛሁም፤ ቤት ሳደርሰው በኦሞ ቆርቆሮ ውስጥ ነበር የምደብቀው። ደንበኛ ቢያይ እንኳ ሳሙና ይመስለዋል ብዬ።

የተሳሳትኩት ሁሉንም መተዌ ላይ ነው። አንዷን ዳቦዬን እንኳ ከሰፈር መውሰድ ተውኩ። ሁለት ሳምንት በአያልቅበት ደጅ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። ማንም ምንም ካልሸጠልኝ ማንም ምንም አያውቅም ብዬ ነው። ፍርሃት ብልህ ያደረገኝ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ከአውቶቡስ ስወርድ አትክልት ሻጯ ከመንገዱ ማዶ ተጣራች፤ እትዬ፣ ተጣላን እንዴ፣ ወይስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ጉንፋን የያዘው ቲማቲም ጣመሽ አለችኝ። መንገደኛው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤት ስገባ ቁልፉ ቀዳዳውን አላገኝ አለኝ። ከገዛሁ ይቆጥሩኛል፣ ካልገዛሁም የት ሄደች ይላሉ።

ሐሙስ ዕለት አያልቅበት ሱቁን ዘግቶ መጣ። በቀን ሱቁን ሲዘጋ ያየሁት አባቱ የሞቱ ጊዜ ብቻ ነው። ሱሪ በክንዱ አንጠልጥሏል። ላሳጥር ነው የመጣሁት አለ፣ ጮክ ብሎ፤ ደንበኛ ነበረችኝ። እሷ ስትወጣ ሱሪውን መኪናው ላይ ወረወረውና ረሳው። ወደ መጋረጃው አንድ ጊዜም አላየም። ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ነው ያወራኝ።

ትናንት አንድ ሰው መጣ አለኝ። ንጹህ ሸሚዝ የለበሰ፣ ትሁት ሰው፣ ውሃ ገዝቶ እዚያው ቆሞ የጠጣ። ያቺ ልብስ ሰፊ ብቻዋን ነው የምትኖረው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎ፣ ከራሷ ጋር ስታወራ መንገድ ድረስ ይሰማል አልኩት አለኝ። ይቅርታ እትዬ፣ ሌላ የሚባል አልመጣልኝም አለ። ከዚያ ሰውዬው ጠርሙሱን እየከደነ፣ የስኳር በሽታ አለባት አይደል፣ ሰሞኑን ስኳር ገዝታለች ወይ አለው። አያልቅበትም፣ ስኳርማ ገዳይዋ ነው፣ ከታመመች ወዲህ ከዚህ ሱቅ አንዲት ፍሬ ወስዳ አታውቅም አለው። እውነቱን ነው። ዳቦዋንስ ስንት ትወስዳለች ሲለው ግን ዋሸ። አንድ፣ ዛሬ ጠዋትም ወስዳለች አለው።

እና እትዬ፣ ውሸታም አታድርጊኝ አለኝ። ከነገ ጀምሮ አንዷን ዳቦሽን ሰው እያየ ከእኔ ውሰጂ። የቀረውን እኔ አስቤበታለሁ።

ማን አለ ብሎ አልጠየቀኝም። በሩን ሊከፍት ሲል ብቻ፣ ድመትሽ ግን ሳንባ የምትወድ አትመስለኝም አለ።

ከዚያ በኋላ በሰው ፊት የምወስደው ዳቦ አንድ ነው፤ ከፌስታሉ ሥር ሌላ ይኖራል። አትክልት ሻጯ ሁለት ቲማቲም መዝና ስታስረክበኝ ቤት ስደርስ አራት ይሆናል። ቀና ብላ አታየኝም፤ አመመሽ ወይ ማለቱንም ተወች። አንድ ቀን ሞዴሱም በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከምስሩ ጋር መጣ። እሱን ማን እንዳሰበው አልጠየቅሁም።

አሁን እታለም፣ ይህን ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

ስኳሩን ሰፈር ውስጥ አልገዛሁም። ለአንድም ሰው አልተናገርኩም። የጻፍኩት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የካቲት ላይ ለአንቺ በላክሁት ደብዳቤ። ስሟን አላነሳሁም። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ስኳር ቤቴ ገባ አልኩሽ እንጂ ሌላ አልጨመርኩም፤ ልጅሽ ያለችበትን ታውቂና እንቅልፍ ይወስድሻል ብዬ። ዓይንሽን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ግን ደብዳቤ ራስሽ አታነቢም። እሑድ እሑድ መድኃኒትሽን የሚያመጣልሽ፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ የደፈነልሽ፣ አጠገብሽ ቁጭ ብሎ የሚያጫውትሽ ሰው እንዳለ ጽፈሽልኛል። ማን እንዳነበበልሽ አልጠይቅሽም። አንቺም ለእንቁላል ሻጯ አትመልሺላት። ስኳሩ ጋ ሲደርስ ድምፁ ተለውጦ እንደሆነ ግን ለራስሽ አስታውሺው።

አልተቀየምኩሽም። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ፤ ቂም የምይዝበት አንጀት የለኝም። ፈራሁ ግን። ይህን ያወቅሁ ለት ሌሊቱን ሙሉ የጻፍኩልሽን ሁሉ በቃሌ እየደገምኩ አደርኩ። የመስኮቱ መወርወሪያ ተሰብሯል ብዬሽ ነበር ወይ? ጠዋት ስንት ሰዓት እንደምወጣ ጽፌልሽ ነበር ወይ? እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

ልጅሽ ሰኞ ሄደች። በምን፣ ከማን ጋር፣ ወዴት የሚለውን እንቁላል ሻጯም አታውቅምና አታስጨንቂያት። ስትሄድ ጀሶው ተፈትቶ ነበር። በሁለት እጇ አቀፈችኝ።

ስኳሩን የምገዛበት ሱፐርማርኬት መሄዴን ከሄደች በኋላም አልተውኩም። እኔ ለሁለት ሰው ከገዛሁ ቤቴ ውስጥ ያለች ትመስላለች፤ የሚከታተለኝ ሰው ካለም የእኔን በር ሲጠብቅ ይቆያል፣ እሷም መንገዷን ትጨርሳለች ብዬ አሰብኩ። አያልቅበት ይህን ሲሰማ ተቆጣ። ራስሽን ወጥመድ ላይ ሥጋ አደረግሽው አለኝ። ሥጋው ጠንካራ ነው፣ አይታኘክም አልኩት። አልሳቀም።

ትናንት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሄድኩ። ጋሪ ወሰድኩ። አራቱን ዳቦ፣ እንቁላሉን፣ ሞዴሱን ጨመርኩ። ስኳሩ ያለው በመጨረሻው ረድፍ ነው፣ ከዘይቱ ፊት ለፊት። አንዱን ኪሎ ከመደርደሪያው ሳወርድ ከጎኔ እጅ መጣና ተቀበለኝ፤ ቀስ ብሎ፣ ለትልቅ ሰው ሸክም እንደሚያግዝ ሰው።

አክስቴ፣ ስኳር እኮ አይስማማሽም አለኝ።

የሸሚዙ ሁለተኛ ቁልፍ በሌላ ቀለም ክር ተተክላለች። ሰው ሲፈራ የሚያየው ነገር ግራ ነው፤ እኔ ያየሁት ያቺን ቁልፍ ነው። ጎንበስ ብሎ ጋሪዬን ተመለከተ። ዳቦዎቹን በጣቱ እየነካ ቆጠረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሞዴሱን አነሳው፣ ገልበጥ አድርጎ አየው፣ መልሶ በቦታው አስቀመጠው። ከዚያ ስኳሩን ራሱ ጋሪው ውስጥ ጨመረውና፣ መኪና ይዣለሁ፣ ቤት ድረስ ላድርስሽ አለኝ። ድምፁ ደግ ነው። ለምን እንደምትወጂው ገባኝ።

ዙሪያችን ሰው ሞልቷል። አንዷ ዘይት ትደረድራለች፣ አንዱ የማካሮኒ ጽሑፍ ያነባል። ብጮህ ምን ብዬ ልጩህ? አማቻችን እቃ አገዘኝ ብዬ? እኛ ሰፈር ቢሆን አትክልት ሻጯ የማን ልጅ ነህ፣ እሷን ከየት አወቅሃት ብላ ይህን ጊዜ መሐላችን ገብታ ነበር። እዚህ ሁለታችንም እናትና ልጅ እንመስላለን።

እጄን ከጋሪው ለማንሳት ጣቶቼ እምቢ አሉኝ፤ አንድ በአንድ አላቀቅኋቸው። ሁሉንም እዚያው ትቼ ዞርኩ። አልሮጥኩም። ከኋላዬ የሚሰማው የእሱ ጫማ ይሁን የጋሪ ጎማ አላወቅሁም፤ ዞሬም አላየሁም። በሩ ላይ ጥበቃው፣ እናቴ፣ ምንም አልገዙም እንዴ አለኝ። ባዶ እጄን አሳየሁትና ወጣሁ። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ሰማሁት፤ ከዚያ ደግሞ ሲከፈት።

ጤናሽን ይመልስልሽ፣ እታለም። የልጅሽን ድምፅ በገዛ ጆሮሽ ሳትሰሚ አይውሰድሽ። እሑድ ቢመጣ እንደ ወትሮው ሻይ አፍይለት፤ ምንም እንደሰማሽ አታስመስዪ። ደብዳቤ ከመጣልሽም ይህችው ሴት እስክትመጣ ሳታስከፍቺ አስቀምጪው። እኔም ከተጠለልኩበት ወጥቼ ቤቴ ስመለስ እጽፍልሻለሁ።

ያሳደግሻት ታናሽ እህትሽ