ማንቆርቆሪያው ውስጥ የቀረው

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድመሽ ይህን እወቂ፦ ልጅሽ ደህና ናት። ጥርስ የሚያበላሸው ፍሎራይድ የበዛባት ግን በእኔው እጅ ነው።

«አባዬ፣ የውሃና የምግብ ጥናቱ ላይ አስመዝግባት» ብለሽ ስትወተውቺኝ፣ በስተርጅና መፈተን አልወድም ብዬ አኩርፌሽ ነበር። እንኳን ወተወትሽኝ! የጥናቱ ባለሙያ ሚዛን፣ ክዳን ያለው ባልዲና ጠርሙሶች ይዛ መጣች። ሦስት ቀን ሙሉ ሚጢጢ የበላችውን ያህል እየመዘንኩ ባልዲው ውስጥ፣ የጠጣችውን ያህል ጠርሙሱ ውስጥ ለምርመራ ጨመርኩ። ዳቦ ስታስተርፍ እሷን ተቆጥቼ ከባልዲውም ያንኑ ያህል አወጣለሁ።

«አያቴ፣ ባልዲውንም ተቆጣው እንጂ! እሱም እኮ አልጨረሰም» አለችኝ።

ውጤቱ ሲመጣ የቧንቧው ውሃ ፍሎራይድ ከልኩ ጥቂት አልፏል፤ እሷ የምትጠጣው ግን የዚያ እጥፍ ነው። ባለሙያዋ ግራ ገብቷት ወጥ ቤታችን ድረስ መጣች።

«አባባ፣ ይሄ ማንቆርቆሪያ ከምድጃው የሚወርደው መቼ ነው?»

«አይወርድም። ጎደል ሲል እሞላዋለሁ። ያልፈላ ውሃ አላጠጣትም» አልኳት ኮራ ብዬ።

«ማፍላት ጀርም ይገድላል። ፍሎራይዱ ግን አይተንም፤ ውሃው ሲሄድ እሱ እዚያው ይቀራል። እርስዎ ደግሞ በላዩ ይጨምሩበታል።»

ልጄ፣ እኔ እኮ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ የጨው ውሃ እያፈላሁ «ምን ቀረ?» እያልኩ ተማሪ ሳስጨንቅ የኖርኩ ሰው ነኝ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሷ ግን አልሳቀችብኝም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ከፍሎራይድ የተጣራ ውሃ ወደሚታደልበት ቦታ የሚወስደውን መንገድ በወረቀት ሥላ ሰጠችኝ። ውለታዋን አልረሳም።

የጥርስ ሐኪሙም አይቷታል። ቋሚ የፊት ጥርሶቿ ገና ድድ ውስጥ ናቸው። «ነጣ ያለ መስመር ይታይባቸው ይሆናል፤ ከዚያ የከፋ አልጠብቅም፤ በጊዜ ደርሳችሁበታል» አለኝ። ተመስገን ነው። አሁን በየሁለት ቀኑ ጀሪካን ይዤ እሄዳለሁ። ወገቤ ምንም አላለኝም።

ይህን ካነበብሽ በኋላ «ወደ እኔ ትምጣ» ብትዪ መብትሽ ነው፤ አልከፋም። ልብሶቿን አጥቤ አጣጥፌያቸዋለሁ። ሻንጣውን ግን ከቁም ሣጥኑ ላይ አላወረድኩትም።

ለእኛ በጊዜ የደረሰልን አምላክ ላንቺም በሄድሽበት ሁሉ ይድረስልሽ።

ትቆይ ወይስ ትምጣ? ደብዳቤው እጅሽ እንደገባ ሳታሳድሪ ጻፊልኝ።

አባትሽ