ባለ ነፋሱ፦ የጥንት የአየር ጠመንጃዎች ጠጋኝ

ታላቅ እህት ታናሽ ወንድሟን "አንቱ" ስትል ምላሷ ይተሳሰራል። ቢሆንም ወግ ነውና፣ ዛሬ የምንሸኛቸው፣ ወዳጅ ዘመድ "ባለ ነፋሱ" እያለ የሚጠራቸው ወንድማችን ከውሃ ፓምፕ ጠጋኙ አባታቸውና ከጫማ ሰፊዋ እናታቸው በ1958 ዓ.ም. ተወለዱ። ከላያቸው ይህን ታሪክ የጻፈችው እህታቸው አለች፤ ከበታቻቸው ደግሞ ሪዝ አብቅሎም "ማሙሽ" መባል ያልቀረለት ታናሽ ወንድማቸው ተከተለ።

የተወለዱበት ቤት ሁለት ክፍል ነበር። በአንደኛው አባት የተበላሸ ፓምፕ ይፈታሉ፤ በሌላው እናት ቆዳ ይቆርጣሉ። ቤተሰቡ እራት የሚቀርብለት ከሁለቱ አንዳቸው ዕቃቸውን ከጠረጴዛ ላይ ሲያነሱ ነው። ወንድማችን ውሃና አየር እንዴት እንደሚታፈን ከአባታቸው፣ ቆዳ በየት በኩል እንደሚለጠጥና በየት በኩል እንደማይለጠጥ ከእናታቸው የተማሩት በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው።

በትምህርታቸው እጅግ ጎበዝ ነበሩ ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው። እውነቱን ለመናገር አልነበሩም፤ ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምረዋል። የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት ገብተው ሞረድ ሲጨብጡ ግን ሌላ ሰው ሆኑ። በብረት ሥራ በማዕረግ ተመርቀው በ1979 ዓ.ም. በሙዚየም የጦር መሣሪያ ጥገና ክፍል ተቀጠሩ።

የሥራ ክፍላቸው ምድር ቤት ነበር። መስኮቱ ከእግረኛ መንገዱ እኩል ስለሆነ ከአላፊ አግዳሚው የሚታየው ጫማው ብቻ ነው። "ይቺ የእማማ ስፌት ናት" እያሉ መንገደኛውን በጫማው ይለዩት ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ ጎራዴም ሽጉጥም አለፈ፤ ልባቸውን የወሰዱት ግን ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው የጥንት የአየር ጠመንጃዎች ነበሩ።

የአየር ጠመንጃ ባሩድ አያውቅም፤ ጭስም የለው፣ ነበልባልም የለው። ሰደፉ ውስጡ ባዶ የሆነ የብረት ቋት ነው። ቋቱ ይፈታና በእጅ መንፊያ አየር ይሞላል፤ እሱም እንደ ብስክሌት ጎማ በጥቂት ግፊት የሚያልቅ ሳይሆን ትከሻ እስኪዝል የሚያስለፋ ነው። አየሩ ተመልሶ እንዳይወጣ የሚዘጋው ቫልቭ ነው፤ ቫልቩን የሚያጠብቀው ደግሞ በስብ የራሰ የቆዳ ቀለበት ነው። ቃታው ሲሳብ ቫልቩ ለቅጽበት ከፈት ብሎ ይዘጋል፤ ያመለጠው አየር ጥይቱን ይዞት ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹ ተኩሶች ብርቱ ናቸው፤ ቋቱ እየጎደለ ሲሄድ እየደከሙ ይመጣሉ። ጎብኚዎች "አየር ምን ይገድላል?" ብለው ሲስቁ ወንድማችን ሳይቆጡ "የመኪና ጎማ ሲፈነዳ አጠገቡ ቆመህ ታውቃለህ?" ብለው ይመልሱ ነበር።

ለዚህ ሥራ የሚሆን ቆዳ ከገበያ ገዝተው አያውቁም። እናታቸው ከጫማ የተረፈውን ምርጥ ቆዳ ለይተው ያስቀምጡና ቀለበቱን ራሳቸው ይቆርጡላቸዋል። "ለእግር ከሆነ ትንሽ ቢያፈስም ሰው አይሞትም፤ ለአንተ ግን ጠብ እንዳይል አድርጌዋለሁ" ይሉ ነበር። እናትና ልጅ ስለ አንድ ቀለበት ግማሽ ቀን ሲከራከሩ የሰማ ሰው ርስት የሚካፈሉ ይመስለው ነበር።

በ1986 ዓ.ም. በሙዚየሙ በር ላይ ትኬት ከሚሸጡት ከባለቤታቸው ጋር በሕግ ተጋቡ። ባለቤታቸው እንደሚሉት ሙሽራው ሠራተኛ ሆነው ሳሉ ለሦስት ወር ያህል ትኬት እየቆረጡ በዋናው በር ገብተዋል። ከዚህ ትዳር ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። አባት ካረፉ በኋላ ማሙሽም የሙዚየሙ የማሳያ ሣጥን አናጢ ሆኖ ተቀጠረ። ትከሻው ሰፊ ስለነበረ የተጠገነውን ቋት ለፍተሻ መንፋት የእሱ ድርሻ ሆነ። ሁለቱ ወንድማማቾች አብረው ወጥተው አብረው ይገቡ ነበር፤ ምሳቸውንም ከአንድ ሳህን ይበሉ ነበር።

በ1997 ዓ.ም. አባት አረፉ ተብሎ ያለቀሰው ቤት በ2005 ዓ.ም. መጋቢት ወር ላይ የባሰ መጣበት። ይህን ማለፍ ይቻል ነበር፤ ሰው ግን አላለፈውምና እንደሆነው ይነበብ።

በጥገና ክፍሉ አንድ ሕግ ነበር። ውስጡ ያልተመረመረ አሮጌ ቋት ቫልቭ አይገጠምለትም። ቫልቭ የሌለው ቋት አየር አይዝም፤ አየር ያልያዘ ቋት ደግሞ ማንንም አይጎዳም። ማንም ሰው ቋት አንስቶ ቫልቭ ካየበት፣ ተመርምሯል ማለት ነው። ያን ቀን ጠዋት እናታቸው የላኩት አዲስ የቆዳ ቀለበት ደረሰ። ወንድማችን ቆዳው እንዴት እንደሚቀመጥ ለማየት ብቻ ቫልቩን ባልተመረመረ ቋት ላይ ገጠሙት። ልክ ገባ። ወዲያው ዕቃ የጫነ መኪና ደርሷል ተብለው ወደ ላይ ተጠሩ። በዚህ መሐል ማሙሽ ገባ። የአየር ጠመንጃዎቹ የሚታዩበት ኤግዚቢሽን ደርሷል፤ ቋቱ ቫልቭ አለው። ወንድሙን ከድካም ላሳርፍ ብሎ መንፋት ጀመረ። ብረቱ ከውስጥ በዝገት ተበልቶ ኖሮ በመገጣጠሚያው በኩል ፈነዳ። ማሙሽ ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ።

መርማሪዎች መጡ፤ ጠየቁ፤ ድንገተኛ አደጋ ነው ብለው ሄዱ። ሰፈር ግን አልሄደም። "ወንድሙን የበላ" የሚል ቃል ከአፍ ወደ አፍ ዞረ። ወንድማችን ሰምተዋል። ከዚያ ወዲህ ዝገት ያጸዳሉ፣ እንጨት ይወለውላሉ፤ ቫልቭ ግን በእጃቸው ነክተው አያውቁም።

እናትም ከቀብር በተመለሱ በሳምንቱ የቆዳ መቁረጫ ቢላቸውን ለጎረቤት ጫማ ሰፊ ሰጡ። ወንድማችን ይህን ሲያዩ የእናታቸውን ፍርድ ያነበቡ መሰላቸው። ለባለቤታቸው "እማማ ሥራዋን የተወችው በእኔ እጅ የገባ ነገር ሁሉ ስላስጠላት ነው" ብለዋቸዋል። ሆኖም አንድም እሑድ ሳይቀሩ እናታቸው ቤት ሄደው ምሳ በልተዋል። ሁለቱም አቀርቅረው ይበላሉ። ስለ አየሩ ጠባይ ይነጋገራሉ፤ ስለ ልጆቹ ትምህርት ይነጋገራሉ። የማሙሽ ስም ከተነሳ አንዳቸው ሳህን ይዘው ይነሳሉ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ አለፈ።

አምና የጉበት ሕመም ጀመራቸው። እናታቸው በየቀኑ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው እግራቸውን በብርድ ልብስ ይሸፍኑላቸው ነበር። እናት ወጥተው ሲሄዱ ወንድማችን እህታቸውን "እማማ ዛሬም ምንም አላለችም?" ብለው ይጠይቋት ነበር። ምን እንዲባሉ እንደሚጠብቁ ግልጽ ነበር። እናታቸው ግን ምንም አላሉም። ወንድማችን በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ወር በገባ በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ በተወለዱ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው አረፉ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ እህታቸው ይህን ስትጽፍ 2005 ዓ.ም. ላይ ደርሳ እጇ ቆመ። እናቷን "ስለዚያ ቀን ምን ልበል?" ብላ ጠየቀቻቸው። እናት እንዲህ ብለው መለሱ።

"የእኔ ቆዳ ነው የገደለው።"

"እማማ፣ ምን ማለትሽ ነው?"

"ጠብ እንዳይል አድርጌ ቆረጥኩታ! ቢያፈስ ኖሮ ማሙሽ ነፍቶ ነፍቶ ሲሰለቸው ይተወው አልነበር? ቆዳዬ ጠንክሮ ያዘ፤ ብረቱ ፈነዳ። ወንድምሽ ሙያውን ያውቃል፤ ይህ አይጠፋውም። ፊቴን የማያየው በእኔ ተቀይሞ ነው ብዬ ነው የኖርኩት። ምን ብዬ አፌን ልክፈት?"

እህታቸው ወንድሟ ለሚስቱ ያለውን፣ አልጋው ላይ ሆኖም በየቀኑ የጠየቀውን ነገረቻቸው። እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆዩ። ከዚያ "እሱ እኔን ይፈራል፣ እኔ እሱን እፈራለሁ፤ ለካ ሁለታችንም ለየብቻችን ስንቃጠል ነው የኖርነው" አሉ። ቤቱ በለቅሶ ተሞላ።

ወንድማችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ አንዲት ታላቅ እህታቸውንና የሰማንያ ሦስት ዓመት እናታቸውን ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው ወቅት ላልተለዩዋቸው የሥራ ባልደረቦቻቸውና ለሐኪሞቻቸው ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። የሚያርፉት በታናሽ ወንድማቸው ጎን ነው፤ ይህን ቦታ የመረጡት እናታቸው ናቸው።

እናታቸው ማንበብ አይችሉም፤ ዛሬ ቆሞ ለመናገርም ጉልበት የላቸውም። የሚከተለው ቃል በስማቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ ባለበት፣ ድምፅ ከፍ ተደርጎ እንዲነበብ አዘዋል፦

"ልጄ ወንድሙን አልገደለም። ይህን የምለው እናታቸው ነኝ፤ ሁለቱንም የወለድኩ እኔ ነኝ። አንድ ቀን ተቀይሜው አላውቅም። እናንተ ዛሬ ሰማችሁ፤ መስማት የነበረበት ግን እሱ ነበር።"

አምላክ የእናትን ቃል ከእኛ ቀድሞ ለእሳቸው ያሰማልን። ነፍሳቸውን ከወንድማቸው ነፍስ ጋር ያሳርፍልን።