እማዋይሽ ጠላ የጠመቀችለት ኩሬ

የካቲት 2005 ዓ.ም.

ለተከበሩ የአልጌ ነዳጅ ፕሮጀክት አስተባባሪ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከቡሬ ወረድ ብለን የምንኖር ገበሬዎች፣ ከጎደለችብን አንዲት ሰው በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ለጉብኝት የመጡ ዕለት ጭቃው መኪናዎን እንዴት እንዳንገላታው አልረሳሁምና ስለ ጤናዎ ከልብ እጠይቃለሁ። ደብዳቤዬን በአደባባይ የጻፍኩት ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ግምገማ ላይ ስለሚሆኑ ነው። ምስጋናዬን በተራ ይቀበሉኝ።

አንደኛ፣ ከላያችን ካለው የከብት ማደለቢያ የሚወርደው ሽንትና እጣቢ ኩሬ ውስጥ ሲጠራቀም አልጌ የሚባል አረንጓዴ ነገር እንደሚያበቅል፣ አልጌውም ተጨምቆ ነዳጅ እንደሚሆንና የቀበሌያችንን ወፍጮ እንደሚያስነሳ ስላስተማሩን እናመሰግናለን። ወፍጮው ዛሬም ናፍጣ ሲያልቅ ይቆማል።

ሁለተኛ፣ ኩሬውን በወንፈል ስላስቆፈሩን እናመሰግናለን። በእኛ አገር ወንፈል የጠራ ሰው ያበላል፣ ያጠጣል፤ በሌላ ቀን ደግሞ እርሱ በተራው የሌላውን ሥራ ይሠራል። እርስዎ የልማት ሠራዊት ብለው ጠርተውን ስለሄዱ፣ ባለቤቴ እማዋይሽ ደረቅ ወንፈል ነውር ነው ብላ ከጓዳዋ እህል አውጥታ ጠላ ጠምቃ ቆፋሪውን ሁሉ አጠጣች። እህል በጀርባዋ ተሸክማ ወፍጮ ቤት ድረስ ሄዳ፣ ናፍጣ የለም ተብላ መመለስ የሰለቻት ሴት ነበረችና፣ ከሁላችን ይልቅ ያመነችዎት እርሷ ነበረች።

ሦስተኛ፣ ፕሮጀክቱ ሲታጠፍ ፓምፑን ነቅለው፣ ለአጥር የመጣውን ሽቦ እንኳ ሳይረሱ ጭነው ስለሄዱ ጥንቃቄዎን አደንቃለሁ። የረሱት ኩሬውን ብቻ ነው። አልጌው ከዳር እስከ ዳር ጥቅጥቅ ብሎ ለምለም መስክ መሰለ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ እያልን ስንተርት ኖረን፣ በዚህ በጋ ሣር የራበው በሬያችን መስክ መስሎት ገባበት። እማዋይሽም ልታወጣው ተከትላው ገባች። በሬውን በሕይወት አወጣነው። እርሷን ስናወጣት ግን ዘግይተን ነበር።

አራተኛ የለኝም። ልቤ ተሰብሯል፣ ክቡር ሆይ። ከእርሻ ስመለስ ከደጅ ሆኜ እጣራና፣ የሚመልስልኝ እንደሌለ የማስታውሰው ከተጣራሁ በኋላ ነው። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኩሬው ይደፈን። የሰው ልጆችና ከብቶች ዛሬም በዳሩ ያልፋሉ።

ለሚቀጥለው ፕሮጀክትዎ ዕድሜና ብርታት እየተመኘሁ፣ አካፋዬን ያለ ማንገራገር ያነሳሁልዎት፣ እስከ ዛሬም ከኩሬዎ ዳር ያልራቅሁት

አክባሪዎ
ሀብተሚካኤል ዳኘው

ማስታወሻ፦ ወንፈል ብድር ነው። እኛ ቆፍረንልዎታል፤ አሁን ተራው የእርስዎ ስለሆነ አካፋ ይዘው ይምጡና አብረን እንድፈነው። እንደ ወጉ ጠላ ሊቀርብልዎ ይገባ ነበር፤ ይቅር ይበሉኝና፣ የምትጠምቀው ስለሌለች የሚጠጡትን ከቤትዎ ይዘው ይምጡ።