ሁለት አፍ ያለው መጠለያ

ዛሬ የምንሸኛቸው እኅታችን ከውኃ ቆጣሪ አንባቢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የዛሬ ስድሳ ዘጠኝ ዓመት ተወለዱ። የተወለዱበት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ያረፉበትም ነው። የውስጠኛው ክፍል የእሳቸው ነበር፤ ከዚያ ወደ ደጅ የሚወጣው በፊተኛው፣ በታላቅ ወንድማቸው ክፍል በኩል ብቻ ነው።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። ወላጆቻቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲያርፉ ትምህርቱ ቀረ። ይህን ጽሑፍ የጻፈው ግንበኛው ወንድማቸው «ከተማው ሰው በላ ነው» ብሎ እንደ ዓይኑ ብሌን ጠበቃቸው።

በሃያ ዓመታቸው በዓሣ ምርምር ጣቢያ በገንዳ ጠባቂነት ተቀጠሩ። ክሬይፊሽ የሚባል፣ መቆንጠጫ ያለው፣ ሲፈራ ወደ ኋላ የሚሸሽ የወንዝ እንስሳ አለ። ሥራቸው እሱን ከዓሣ ጋር በአንድ ገንዳ ጨምሮ ስንቱ እንደሚተርፍ መቁጠር ነበር። በባዶው ገንዳ ከሃያው አሥራ ሰባቱ በሦስት ቀን ተበሉ። ድንጋይ በተደረደረበት የተበሉት አምስት ብቻ ናቸው። እሳቸው ግን ለአምስቱም አዘኑ።

በተቀጠሩ በአምስተኛው ዓመት ወንድማቸውን «ጋሼ፣ የዓሣ አፍ የማይደርስበት ቤት ይሥሩልኝ» አሉት። የሸክላ ቧንቧ ቆራርጦ የኋላውን አፍ በሲሚንቶ ደፈነ፣ የፊቱን አጠበበ። አንድም አልተበላም። የጣቢያው ሰዎች «እትዬ ዋሻ፣ ለእኛም አንድ አንድ ክፍል ያከራዩን እንጂ!» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እሳቸውም እንስሶቹ ለምግብ ብለው እንዳይወጡ ሠግተው፣ በቀጭን ሽቦ እያቀበሉ እዚያው አበሏቸው።

በዚያው ዓመት ለጣቢያው ዓሣ የሚያመላልሰው የቦቴ ሾፌር ለትዳር ጠየቃቸው። ልባቸው ፈቅዶ ነበር። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጥቶ በሩን አንኳኳ። ወንድማቸው ከፈተና «የለችም» አለው። እሳቸው ጫማቸውን አድርገው ውስጥ ተቀምጠው ነበር፤ ሰምተዋል። ሾፌሩ ወደ ሌላ መሥመር ተዛወረ። ትዳር አልመሠረቱም፤ ልጅም አልወለዱም።

ከወራት በኋላ ገንዳው ሲጸዳ ቧንቧ ውስጥ ያሉት እንስሶች አልወጣ አሉ። ቅርፊታቸውን እየጣሉ አድገው፣ የገቡበት አፍ ጠቧቸዋል። እኅታችን መዶሻ አንሥተው ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ሰበሩ። ከሃያው በሕይወት የተገኙት ዘጠኝ ነበሩ። በመዝገቡ ላይ «ዓሣ የበላው የለም። አሥራ አንዱን ያፈንኩት እኔ ነኝ» ብለው በእጃቸው ጻፉ። ከዚያ ወዲህ በጣቢያው ሁለት አፍ የሌለው ቧንቧ ገንዳ ውስጥ አይገባም።

በዚያ ሳምንት ወንድማቸውን «ለእኔም ክፍል በመንገዱ በኩል በር ይክፈቱልኝ» አሉት።

«ሌባ ይገባል» አላቸው።

«የሚሰረቅ ምን አለኝና?»

«አንቺ አለሽ።»

ደግመው አልጠየቁም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠላሳ አምስት ዓመት በእሱ ክፍል አልፈው ሥራ ሄዱ፤ በእሱ ክፍል አልፈው ገቡ።

ባለፈው ዓመት ልባቸው ደከመ፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህም አልጋ ላይ ዋሉ። ወንድማቸው ሾፌሩ በመጣበት በዚያ እሑድ ለምን ድምፅ እንዳላሰሙ የጠየቃቸው ያን ጊዜ ነው። «መውጫው በእርስዎ በኩል ነዋ፣ ጋሼ» አሉት። በማግስቱ በሰባ ሰባት ዓመቱ መሮና መዶሻ አንሥቶ ግድግዳውን መብሳት ጀመረ። ዱሮ በሁለት ቀን የሚጨርሰው ዘጠኝ ቀን ፈጀበት። በሩ ሰኞ ተገጠመ። ትራሳቸውን ከፍ አስደርገው የመንገዱን አላፊ አግዳሚ ሲያዩ ዋሉ። ሊዘጋው ሲነሣ «ተዉት፣ ክፍት ይሁን» አሉት። ተወው።

ማክሰኞ ጠዋት በአንድ ሰዓት አረፉ።

የቀራቸው ዘመድ አንድ ወንድም ነው። ዛሬ አስከሬናቸው የወጣው በዚያ በር ነው። አምላክ ነፍሳቸውን መግቢያውም መውጫውም ሰፊ በሆነ ስፍራ ያኑርልን።