የአረፋ ጽዳት ኮምፒውተሬ ድረስ ስለመግባቱ

ለተከበሩ አቶ ከድሮ
የሰፈራችን እድርና የቅርጫ ማኅበር ሰብሳቢ
ቡታጅራ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ወይዘሮ ሰፍያስ፣ ልጆቹስ፣ አዲሱ ኮምፒውተርዎስ ደህና ናቸው? አላህ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለጣቶችዎ ደግሞ ጥቂት እረፍት እንዲሰጥልን የዘወትር ዱዓዬ ነው። እኔ ባሂራ፣ ከመስጊዱ ጀርባ የምኖረው የበርበሬ ነጋዴ፣ ይህን ደብዳቤ በእድሩ ዕቃ ቤት በር ላይ የለጠፍኩት በኢሜይል ብልከው እንዳይደርስዎ ስለሰጋሁ ነው።

አስቀድሜ ላመስግንዎ። ድሮ ለአረፋ በሬ ሊገዛ ሲል የእድሩ ለፋፊ ደበሌ ቤት ለቤት እየዞረ ቅርጫ የሚገባውን ይጠይቅ ነበር፤ እኛም ከጓዳ ሆነን አለሁበት ብለን ስንጮህ ነገሩ ያልቅ ነበር። እርስዎ ግን ይህ ኋላ ቀርነት መሆኑን ተገንዝበው፣ ቅርጫ የሚገባ ሁሉ በኢሜይል የሚላክለትን ሊንክ ተጭኖ እንዲመዘገብ፣ ያልተመዘገበ ግን ሥጋ እንዳይጠብቅ ወሰኑልን። ደበሌም ጉሮሮው አረፈ።

ቅሬታዬ ጥቂት ነው።

፩ኛ. አረፋ ሲቃረብ ቤታችንን መጥረግ፣ ግድግዳ መቀባትና ያረጀውን አውጥቶ መጣል የቆየ ወጋችን ነው። እርስዎ ደግሞ ኮምፒውተር ለምን ይቅርበት ብለው፣ ኮምፒውተር ያለው አባል ቤት ሁሉ በራስዎ እግር እየዞሩ፣ ያረጀ የመሰለዎትን ፕሮግራም በሙሉ ጠረጉ። ከእኔ ከጠረጓቸው መካከል ኢንተርኔት የምከፍትበት ብሮውዘር ይገኝበታል። በምትኩ አዲስ ስለጫኑልኝ አልከፋኝም፤ እንዲያውም መርቄ ሸኝቼዎታለሁ። ምርቃት ተመልሶ ይወሰድ እንደሆነ ኢማሙን ልጠይቅ አስቤያለሁ።

፪ኛ. ከዚያ ቀን ወዲህ ኢሜይል ውስጥ ያለ ሊንክ ብጫን ብጫን ዝም ሆነ። የአዲስ አበባ ደንበኞቼ የሚልኩት አይከፈት፣ የቅርጫው አይከፈት። ለእርስዎ ባመለክት ኮምፒውተሩን አጥፍቼ እንዳበራው አዘዙኝ፤ አጠፋሁ፣ አበራሁ። ቀጥሎ ኔትወርክ ነው አሉኝ። ከዚያ ደግሞ በርበሬ በነካ ጣት ስለምጫን ሊሆን እንደሚችል በትህትና ጠቆሙኝ። በመጨረሻም ቅሬታ ያለው አባል የሚሞላውን ቅጽ ላኩልኝ። እሱም በሊንክ ነበር።

፫ኛ. ይህኛው ቀልድ የለበትም። ልጄ ራምዚ ካገባ ወዲህ ሚስቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለአረፋ ይዟት ይመጣል። ከሴቶቹ የቅቤ እቁብ፣ ከዊጆ፣ የደረሰኝ ቅቤ ተነጥሯል፤ ቆጮው ተዘጋጅቷል፤ የክትፎው ጣባም ታጥቦ ተደፍቷል። ሥጋው ግን ሊንክ ውስጥ ነበር። ምራቴ በመጀመሪያ አረፋዋ ቤቴ መጥታ ቆጮ በአይብ አብልቼ ስሸኛት ታየኝና፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ።

ንዴቱም ሴቲንግ የሚባለው ውስጥ አስገባኝ። አንድ በአንድ እያነበብኩ ስወርድ፣ ሊንክ ሲነካ በየትኛው ፕሮግራም እንደሚከፈት የሚመረጥበት ቦታ አገኘሁ። እዚያ ተመርጦ የተቀመጠው እርስዎ የጠረጉት ብሮውዘር ነበር። ለካስ ኢሜይሌ ቤት ለቆ የሄደን ተከራይ በር ሲያንኳኳ ነው የከረመው! በእሱ ቦታ አዲሱን መረጥኩ፣ ኢሜይሉን ዘግቼ እንደገና ከፈትኩ፣ ሊንኩን ነካ ሳደርገው ገጹ ወለል አለ። ብቻዬን እልል አልኩ።

ክቡር ሰብሳቢ፣ በገጹ ላይ የተመዘገበ አንድም ሰው አልነበረም። ለካ እርስዎ የጠረጉለት ሁሉ እንደ እኔው ሊንክ እየተጫነ፣ የጎደለው የራሱ ብቻ መስሎት አፍሮ ተቀምጧል። ስለዚህ ደበሌን ጠራሁት። እሱ ከፊት እየጮኸ በር ሲያስከፍት፣ እኔ ከኋላ እየገባሁ ብሮውዘር ሳስመርጥ ሰፈሩን አዳረስነው። ሁሉም ተመዘገበ፤ ምራቴም ክትፎዋን ትበላለች። ሥልጣኔን ስላመጡልን፣ ሥልጣኔውም በደበሌ ጉሮሮ ስለገባልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

በጥሪም በሊንክም ለመታዘዝ ዘወትር ዝግጁ የሆነች፣ የተጠረገች አባልዎ

ባሂራ ዑመይር

ማስታወሻ፦ ወይዘሮ ሰፍያ በሹክሹክታ እንዳጫወቱኝ፣ ከሁሉ አስቀድመው የጠረጉት የራስዎን ኮምፒውተር ኖሯል፤ ሊንኩም እስከ ዛሬ አልተከፈተልዎትም። ምዝገባው ዛሬ ማታ ስለሚዘጋ ለጉርብትናችን ስል መዝግቤዎታለሁ። ገጹ እያንዳንዱ አባል በአረፋ ዕለት የሚይዘውን ሥራ ይጠይቃል፤ ቢላ መሳሉም፣ ሥጋ መመደቡም በሌሎች ተይዞ ስለነበር፣ ጽዳት እንደሚወዱ አስታውሼ ጨጓራ ማጠቡን መረጥኩልዎ። ቅር ካለዎት ሊንኩን ተጭነው መቀየር ይችላሉ።